እስከ ፋሲካ የሚቆይ ፖም

ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ጾመኛ የጥቅምት መጨረሻ ዝም ብሎ የሚታለፍ ሰሞን አይደለም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ገናና ጥምቀት አለፉ ሲባል ነነዌ ትመጣለች። ነነዌ ስትወጣ ሁዳዴ ደጅ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚውለው በብርዱ ወራት ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በቆመበት ጊዜ እኛ ሥጋውንም ወተቱንም ትተን አትክልትና ፍራፍሬ እንፈልጋለን። እኔ ቤት ለዚህ ጊዜ የሚሆነው ፖም የሚገዛው በጥቅምት መጨረሻ ነው። የሚያልቀው ፋሲካ አካባቢ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ "ምን አድርገሽበት ነው የሚቆየው?" ይለኛል። የተለየ መድኃኒት ወይም የተለየ ማሽን ያለኝ የሚመስለው አለ። ያለኝ ጋራዥ ውስጥ የቆመ አሮጌ ፍሪጅ ነው። ፖሙን ከሁሉ በፊት የሚያቆየው ዘሩ ነው። አንዳንዱ ዝርያ የፈለገውን ያህል ብትንከባከቡት ቶሎ ይከዳችኋል። ሌላው ደግሞ በተገዛበት ቀን ጥርስ የሚያደነዝዝ ሆኖ ሳለ ጥር ላይ ሲበላ ሌላ ፍሬ ነው የሚመስለው። ዘንድሮም ጠያቂው ስለበዛ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሱፐርማርኬቱ። መጋቢት ላይ የምታዩት የአሜሪካ ፖም ባለፈው መስከረምና ጥቅምት የተለቀመ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ፖም ከዛፉ ከወረደ በኋላም ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ስኳሩን ቀስ በቀስ ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ያወጣል። ትልልቆቹ አምራቾች ፍሬውን አየር በማያስገባ ቀዝቃዛ ክፍል ያሽጉበትና ኦክስጅኑን ይቀንሱበታል። እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከ1 እስከ 3 በመቶ ድረስ ይወርዳል። ፖሙ ትንፋሹ ይዘገያል፣ እርጅናውም አብሮ ይዘገያል። የዚህን ዘዴ መሠረት የጣሉት በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኪድና ዌስት የተባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ክፍል ከወጣ በኋላ ነው። ወር በተከፈለበት ቀን በብዛት ገዝታችሁ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሳህን ሞልታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ቤቱ ሞቃት ነው፣ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራል። ፖሙ እንቅልፉን ጨርሶ የነቃ ያህል ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። በተለይ ጋላ (Gala) የሚባለው የፖም ዝርያ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ዱቄት ዱቄት ማለት ይጀምራል። ልጆች አንዴ ገምጠው የሚተዉት ይህን ነው። ስለዚህ መጋቢት ላይ ጥሩ ፖም መብላት የሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መግዛት፣ ወይም በመከር ጊዜ ራሱ የሚቆየውን ዝርያ መርጦ ማስቀመጥ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው።

የሚቆየው ከማይቆየው የሚለየው በምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው ይቆያል። በሙቀቱ ወራት የሚደርሱት ለስላሳና ቀላል ናቸው። ቶሎ ይበስላሉ፣ ቶሎ ያረጃሉ። ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ዛፍ ላይ የሚከርመው ግን ሥጋው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ትንፋሹም ዝግተኛ ነው። ጎምዛዛም ነው፣ ይህም ይጠቅመዋል። ፖም በተቀመጠ ቁጥር አሲዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲለቀም ጣፋጭ ብቻ የነበረ ፍሬ አሲዱ ሲያልቅበት ጣዕም አልባ ስኳር ይሆናል። ሲለቀም በጣም ጎምዛዛ የነበረው ግን ገና ጣዕሙ የሚስተካከልለት ያኔ ነው። ውስጡ የነበረው ስታርችም ወደ ስኳር ይለወጣል።

የእኛ ሰው ፖም ለቀማ የሚሄደው መስከረም ላይ ነው። አየሩ ደስ ይላል፣ ልጆቹ ትራክተር ላይ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚለቀመው ጋላ፣ ሃኒክሪስፕ፣ ማኪንቶሽ ነው። እነዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚበሉ ናቸው። (ሃኒክሪስፕ በጥንቃቄ ከተያዘ ከሌሎቹ ይሻላል። ወዲያው ብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲገባ ግን ቆዳው ላይ ቡናማ ቃጠሎ የመሰለ ነገር ይወጣበታል። ለዚህ ነው ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ለብ ባለ ክፍል ለቀናት የሚያቆዩት።) ለክረምት የሚቀመጠውን የሚፈልግ ሰው ሰው ሁሉ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው መሄድ ያለበት።

ከእኛ ሰፈር ሦስት አቅጣጫ አለ። በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነድታችሁ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆና ወደ ዊንቸስተር መሄድ ትችላላችሁ። ዊንቸስተር ከ1924 ጀምሮ የፖም አበባ በዓል የሚከበርባት ከተማ ናት። በ29 ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ ሻርለትስቪልና የአልበማርል አውራጃ ይገኛሉ። በ15 ወደ ሰሜን ደግሞ ሜሪላንድን አቋርጣችሁ ጌቲስበርግ ትደርሳላችሁ። እዚያ ያለው አዳምስ የሚባለው አውራጃ ከዳር እስከ ዳር ፖም ነው። ቢግለርቪል በምትባለው ትንሽ ከተማ የፖም ሙዚየም ሳይቀር አለ። እኔ በብዛት የምሄደው ወደዚህኛው ነው። መንገዱ ስለማይጨናነቅ ከቅዳሴ በኋላ ወጥቼ ሳይመሽ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ወደ ዝርያዎቹ። በጾሙ ቅደም ተከተል ነው የማስበው፣ መጀመሪያ የሚበላው መጀመሪያ።

የነቢያት ጾም ሲገባ የምንጀምረው በስቴይማን ነው። በ1860ዎቹ ካንሳስ ውስጥ ዶክተር ስቴይማን የሚባል ሰው ከዋይንሳፕ ዘር ያገኘው ነው። ዋይንሳፕ እንደ ስሙ ወይን ወይን የሚል ጣዕም ያለው የድሮ ፖም ነው፣ ስቴይማንም ከእሱ ወርሷል። ውሃ አለው፣ ይጣፍጣል፣ ሁሉም ይወደዋል። ዝናብ ሲበዛበት ዛፍ ላይ እያለ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ደግሞ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ስትገዙ በጭራው ዙሪያ ደህና አድርጋችሁ እዩ። እስከ ገና ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ አልጠብቀውም።

ቀጥሎ ዮርክ ኢምፔሪያል። ይህ ፖም ጠማማ ነው። አንዱ ትከሻው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይጋደላል። መልኩን አይቶ የሚንቀው ብዙ ነው፣ በዚህም ምክንያት ርካሽ ነው። ታሪኩ ግን ደስ ይለኛል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፔንሲልቬንያ፣ ዮርክ ከተማ አጠገብ ጆንሰን የሚባል ገበሬ ነበረ። የተማሪ ልጆች በጸደይ መጀመሪያ ላይ እሱ ማሳ ውስጥ እየገቡ አንድ ዛፍ ሥር ቅጠል ሲገልጡ ያያቸዋል። ምን እንደሚፈልጉ ቢመለከት፣ በመኸር የወደቀው ፖም ቅጠል ተከናንቦ ክረምቱን በሙሉ ሳይበላሽ አልፏል። ልጆቹ ያንን ነው የሚበሉት። ገበሬው ነገሩን ችግኝ ለሚያባዛ ሰው ነገረው፣ ዝርያውም በዚያው ተስፋፋ። ፖሙን ያገኙት በመቆየቱ ነው ማለት ነው።

ስለ ዮርክ አንድ ነገር ልጨምር፣ የምወደው ታሪክ ስለሆነ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በየአጥሩ ቀይ ጥድ ይበቅላል። በዚያ ጥድ ላይ የሚኖር የዋግ በሽታ ነፋስ ይዞት ወደ ፖም ዛፍ ይዛመታል፣ ዮርክ ደግሞ ለዚህ በሽታ በጣም ደካማ ነው። በ1914 የቨርጂኒያ ምክር ቤት የፖም እርሻ አጠገብ ያለ ጥድ እንዲቆረጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሸናንዶዋ አውራጃ ውስጥ ጥዳቸው እንዲቆረጥ የታዘዘባቸው ባለቤቶች ከሰሱ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1928 ለፖሙ ፈረደ። ለዚያ አገር ፖም ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዮርክን እኔ በብዛት የማበስለው ነው። ሲበስል አይፈርስም። ወፈር ወፈር አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ድስት ውስጥ ጠብታ ዘይት፣ ትንሽ ውሃ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ፈልፍዬ ወቅጬ እጨምራለሁ። ከድኜ በትንሽ እሳት። ስኳር አያስፈልገውም። እማዬ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአጃ ጋር የምትበላው ይህን ነው። "ኮረሪማው ባይኖር የፈረንጅ ምግብ ይሆን ነበር" ትላለች።

ሦስተኛው የልቤ ነው፦ አልበማርል ፒፒን። የተገኘው ኒውዮርክ፣ ዛሬ ኩዊንስ በሚባለው ቦታ፣ ኒውታውን በምትባል መንደር ነው። በትውልድ ስሙ ኒውታውን ፒፒን ይባላል። ቶማስ ዎከር የሚባል የቨርጂኒያ ሐኪም በ1755 ከጦርነት ሲመለስ ቅርንጫፉን ይዞ መጥቶ አልበማርል አውራጃ ውስጥ በሌላ የፖም ዛፍ ላይ ቀጠለው። የብሉ ሪጅ ተራራ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ተስማማው። ቶማስ ጀፈርሰንም ሞንቲቼሎ ላይ ተክሎታል። በ1830ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው አንድሩ ስቲቨንሰን ከአልበማርል ያስመጣውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ሰጣት። በጣም ስለወደደችው የማስገቢያ ቀረጥ እንደተነሳለት ይነገራል። ከዚያ በኋላ በበርሜል እየታሸገ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ያ ፍሬ ያን ሁሉ የባሕር መንገድ ያለ ፍሪጅ መቻሉን አስቡት።

መልኩ አያምርም። ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ጭራው ሥር የተቃጠለ የመሰለ ቡናማ ሻካራ ቆዳ ያለው ነው። ጥቅምት ላይ ስትቀምሱት ሣር ሣር ይላል፣ አፍ ይይዛል። መጀመሪያ የገዛሁ ጊዜ የእርሻው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴትዮ፣ አንዱን አንስቼ ልገምጥ ስል እጄን ያዙኝ። "አሁን አይደለም" አሉኝ፣ "ቢያንስ ከክሪስማስ በኋላ።" እውነታቸውን ነው። ከገና በኋላ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሽታው ይመጣል። ጣዕሙ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለው፣ ከሥሩ ጣፋጭ ነው። ሥጋው አሁንም ጠንካራ ነው። ነነዌ ላይ፣ ሦስት ቀን ጠበቅ አድርገን በምንጾምበት ጊዜ፣ ማታ ላይ ይህን ልጠን ስናቀርብ የሚሰጠውን እርካታ እኔ ከሌላ ፍሬ አላገኘሁም።

አርካንሶ ብላክ የሚባለውም አለ። ሲደርስ ጥቁር ሊባል ምንም የማይቀረው ጥልቅ ቀይ ነው። ትውልዱ በ1870ዎቹ አካባቢ ቤንተንቪል፣ አርካንሶ ነው። ልክ እንደተለቀመ ጥርስ አይገባበትም። በሁለት ሦስት ወር ይለሰልሳል፣ ቫኒላ የመሰለ መዓዛ ያመጣል። ሲቀመጥ ቆዳው ቅባት ቅባት ይላል። እህቴ ይህን አይታ "ኬሚካል ቀብተውታል" ብላ ሳሙና ልታጥበው ነበር። የራሱ የፍሬው ሰም ነው። ውሃው እንዳይወጣ የሚጠብቀውም እሱ ነው። አታጥቡት፣ ሊበላ ሲል ብቻ ነው የሚታጠበው።

የመጨረሻው፣ ሁዳዴን በሙሉ የሚይዘው፣ ጎልድረሽ ነው። ይህ የጥንት ፖም አይደለም። ኢንዲያና ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከኒው ጀርሲና ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ያዳቀለው፣ በ1990ዎቹ ለገበሬ የደረሰ ዝርያ ነው። አንዱ ወላጁ ጎልደን ዴሊሸስ ነው። ኢሊኖይ በ2008 የክፍለ ግዛቱ ፍሬ ብላ ሰይማዋለች። ቢጫ ነው፣ ቡናማ ነጠብጣብ ይበዛበታል። እኛ ጋ የሚለቀመው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ አሲዱ ፊት ያስጨማድዳል። በጥር ይስተካከላል። የካቲትና መጋቢት ላይ ጣፋጩና ጎምዛዛው እኩል ይሆናሉ፣ ሲገመጥም ቋ ይላል። በደንብ ከተያዘ ሰባት ወር ይቆያል። ቀይ ሥርና ድንች ቀቅዬ ሰላጣ ስሠራ ይህን በትንሽ በትንሹ ከትፌ እጨምርበታለሁ። ሎሚ መጭመቅ አያስፈልገኝም።

እርሻ ድረስ መሄድ ለማይችል ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ ፉጂ፣ ግራኒ ስሚዝ፣ ፒንክ ሌዲ፣ ኮዝሚክ ክሪስፕ ይግዛ። አራቱም ይቆያሉ። ኮዝሚክ ክሪስፕ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዳቀለው ሲሆን ለገበያ የወጣው በ2019 መጨረሻ ነው። ፉጂ ጃፓን ውስጥ ፉጂሳኪ በምትባል ከተማ የተዳቀለ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ራልስ የሚባል የቨርጂኒያ የድሮ ፖም ነው፣ ራልስ ደግሞ በመቆየቱ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ኤችማርት የሚባለው የኮሪያውያን ሱፐርማርኬት ሄዳችሁ ፉጂ ስትገዙ ያ የመቆየት ጠባይ ከዚሁ ከቨርጂኒያ የሄደ ነው።

አሁን ስለ አቀማመጡ። እዚህ ላይ ሥራው ትንሽ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም።

ካርቶኑ ቤት እንደገባ ጋራዡ ወለል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። ፖሙን በሙሉ እዘረግፋለሁ አልልም፣ አንድ በአንድ ነው የማወጣው። መወርወር የለም፣ ከእጅ ሲወድቅ የበለዘ ቦታ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። እያንዳንዱን በብርሃን አዞራለሁ። ጭራው የተነቀለ፣ ከጭራው ጋር ቆዳው የተቀደደ፣ የትል ቀዳዳ ያለበት፣ አውራ ጣት ሲያርፍበት የሚሰረጉድ፣ ይህ ሁሉ ወደ ኩሽና ይሄዳል፣ በዚያው ሳምንት ይበላል ወይ ይበስላል። ጭራው ያለው፣ ደረቅ፣ ምንም ያልነካው ይቀመጣል። ከዚያ ደግሞ በመጠን እለያለሁ። በጣም ትልልቁ አይቆይም፣ እሱ ከላይ ይሁንና ቀድሞ ይበላ። መካከለኛው ነው የሚከርመው።

ከዚያ እማዬ ወንበሯን አምጥታ ትቀመጥና እያንዳንዱን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ የሚመጣበትን ወረቀት ዓመቱን ሙሉ የምትሰበስበው ለዚህ ነው። የሚያብረቀርቀውን አንፈልግም፣ ተራውን ብቻ። ጥቅሉ የሚጠቅመው አንዱ ቢበሰብስ ጎረቤቱን እንዳይነካ ነው። ጎልድረሽን ግን በወረቀት ብቻ አንተወውም። ቆዳው ውሃ ቶሎ ይለቃል፣ ይጨማደዳል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እናስገባዋለን፣ እርጥበቱ እንዲቀርለት። ካሮት የሚሸጥበት ዓይነት ከረጢት ጥሩ ነው፣ ከሌለ በሹካ መብሳት ይበቃል።

ፍሪጁ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ነው የምንፈልገው፣ በፋራናይት ከ32 እስከ 35 ማለት ነው። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ውስጡ አስቀምጡ። ፖም ስኳር ስላለው የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፍሪጅ የሌለው ሰው ጋራዡ ውስጥ በስታይሮፎም ሣጥን ማስቀመጥ ይችላል። ቨርጂኒያ ጥር ላይ የሚከፋ ሌሊት አለና በዚያን ቀን ብርድ ልብስ ደርቡበት ወይም ወደ ቤት አስገቡት። በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት አትንኩት። በያዛችሁት ቦታ ሁሉ ይበልዛል። ቀስ ብሎ እስኪለቅ ተዉት።

የእኛ ቤት ጋራዥ ፍሪጅ ምን እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን። ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ። ፖም ሽታ ይስባል። ቅቤ ቅቤ የሚል ፖም ለጾመኛ አይቀርብም። ለእነዚህ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ፈልጉላቸው፣ ካልሆነም ወደ ላይኛው ፍሪጅ ይሂዱ። ድንችም ከፖም ጋር አይውልም። ፖም ሲተነፍስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ካሮትን መራራ ያደርጋል፣ ጎመንና ሰላጣን ቢጫ ያደርጋል። ሌላውን ፖምም ያስረጃል። አንድ የበሰበሰ ፍሬ ካርቶኑን ሁሉ የሚያበላሸው ሻጋታውን በማዛመት ብቻ ሳይሆን በዚህ ጋዝም ጭምር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንዴ ማየት ያስፈልጋል። እማዬ ማየትም አያሻትም። ፍሪጁን ትከፍትና አንዴ ወደ ውስጥ ትስባለች። "አንዱ ሄዷል" ካለች ሄዷል፣ ፈልገን እናወጣዋለን።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ስለ ቼንቻ ፖም እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው የጋሞ ደጋ በፖሙ ስሙ የታወቀ ነው፣ አስተዋዋቂዎቹም ሚስዮናውያን ናቸው። የአገራችን ደጋ እንደ ፔንሲልቬንያ ረጅም ክረምት የለውም። የፖም ዛፍ ደግሞ በብርድ ተኝቶ ካልነቃ ደህና አያብብም። ስለዚህ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ከሚተከሉት መካከል ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ። እስራኤል ውስጥ የተዳቀለችው አና አንዷ ናት፣ ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን ሌላው ነው። ሁለቱም ቀድመው የሚደርሱ ስለሆኑ ሲለቀሙ ይጣፍጣሉ፣ ግን ለወራት የሚቀመጡ አይደሉም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ስትገዟቸው በዚያው ሳምንት ብሏቸው። ፍሪጅ ካላችሁ የተወሰኑ ሳምንታት ይጨምሩላችኋል።

ዘንድሮ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ሳትነሱ በፊት ደውሉ። ጎልድረሽና አልበማርል ፒፒን ሁሉም እርሻ የለውም፣ ያለውም ቶሎ ያልቅበታል። መቼ እንደተለቀመና ከተለቀመ በኋላ የት እንደዋለ ጠይቁ። ፀሐይ ላይ ለቀናት የተደረደረ ዕድሜው በዚያው አጥሯል። በእጃችሁ የምትለቅሙ ከሆነ ፍሬውን አትጎትቱት፣ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ከነጭራው ይለቃል። አንዱን ፖም ቆርጣችሁ ውስጡ ያሉትን የዘር ፍሬዎች እዩ፣ ቡናማ ከሆኑ ደርሷል። ፖሙ የሚሸጥበት ቡሼል የሚባለው መለኪያ 42 ፓውንድ ነው፣ ወደ 19 ኪሎ። ለአንድ ቤተሰብ ይበዛልና እኛ ከጎረቤት ጋር እንካፈላለን፦ ግማሽ ዮርክ፣ ግማሽ ፒፒን፣ ጎልድረሹ ግን ሙሉ ቡሼል። የሄዳችሁበት መኪና ውስጥ ማሞቂያውን አጥፉና ካርቶኖቹን ኋላ ጫኑ፣ ቤት ስትደርሱ በየካርቶኑ ላይ ስማቸውን በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ወረቀት ከተጠቀለለ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።